ሞላሰስ የነካው መስታወት

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ሕግ ገድያለሁ። የምኮራበት ነገር አይደለም። ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚያወራው ግን እኔው ብናገረው ይሻላል። ደግሞም በዚህ ከተማ ሕግ ሲሞትም ሲወለድም ከአጠገቡ የነበርኩ ሴት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ምስክርነቱ የኔ ነው።

እናቴ ሉሲንዳ ፔል ከአባቷ በወረሰችው ቤት ውስጥ እንግዳ እያሳደረችና እያበላች ነበር የምታሳድገኝ። ቤቱ ከምክር ቤቱ ሕንፃ የሚርቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነው። በየሁለት ዓመቱ፣ በረዶው መውረድ ሲጀምር ጉባኤው ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ከየወረዳው የመጡ ሰባት የምክር ቤት አባላት የጭቃ ቦቲያቸውን ደጃችን ላይ ኮልኩለው ፎቃችን ላይ ይሰፍራሉ። ጠዋት የአሳማ ሥጋና የበቆሎ ቂጣ፣ ማታ ባቄላና የበቆሎ ቂጣ ይበላሉ፤ በመሀል በቂጣው ላይ እንደ ማር የሚያጣብቅ ጥቁር ሞላሰስ እያፈሰሱ ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይና ስለ ባንክ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ሰሃን አነሳለሁ። ሰሃን የምታነሳ ልጅን ማንም ከሰው ስለማይቆጥራት ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። ችግሩ፣ የሰማሁት ሁሉ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ገበታችን ላይ ስምንተኛው ሰው አቶ ኢኖክ ታልማጅ ነበሩ። የራሳችን ወረዳ ተወካይ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተችባቸው ጀምሮ ማዶ ካለው የጥብቅና ቢሯቸው እየተሻገሩ እኛ ዘንድ ይበላሉ። መነጽራቸውን በጫማ ክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሥጋ ሲቆርጡ እንኳ አንቀጽ በአንቀጽ የሚቆርጡ ይመስሉ ነበር። ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩኝም በያዙት የሕግ መጽሐፍ ስለነበር ከስሜ ቀጥሎ መጻፍ የቻልኩት ቃል «ተከሳሽ» የሚል ነው። አይስቁም፣ ከረሜላ አይሰጡም፣ ራሴን አይዳብሱኝም። ስለዚህ አልወዳቸውም ነበር።

የምወደው አቶ ክራቨንስን ነው። ከሰሜን ወረዳ የመጡ ወፍራም ሰው ናቸው፣ ሲስቁ ገበታው ይነቃነቃል፣ ኪሳቸው ከረሜላ አያጣም። ያን ዓመት የሚስቁት በአቶ ታልማጅ ላይ ነበር።

«ታልማጅ፣» ይሉ ነበር አፋቸውን ሞልተው፣ «ይኼ የሴት ንብረት የምትለው የሕግ ረቂቅህ ለወይዘሮ ፔል ቂጣ ብለህ አይደለም በለኝና ልመንህ።»

ሁሉም ይስቃል። እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። አቶ ታልማጅ ሥጋቸውን እየቆረጡ፣ «ቂጣውማ ያንተንም ሆድ ሞልቷል፤ ድምፅህን ግን አልሰጠኸኝም» አሉ አንድ ቀን። ሌሎቹ የባሰ ሳቁ። እኔ ግን ሰውየው ስለ እናቴ ሲወራ አለመደንገጡ አናደደኝ።

አባቴ ሮያል ፔል በዚያ ጊዜ ካሊፎርኒያ ነበር። ወርቅ ፍለጋ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። ከፊቱ ይልቅ ትዝ የሚለኝ ትከሻው ነበር፤ እዚያ ላይ ተቀምጬ ከተማውን ሁሉ ከላይ አይቼዋለሁ። ጉባኤው ሊበተን ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደብዳቤው መጣ። ወርቁ አልሆነልኝም፣ በረዶው ሲቀልጥ እመጣለሁ፣ ለዶርካስ ፈረስ አመጣላታለሁ ይላል። እናቴ አንብባ ስትጨርስ የዱቄት ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች፤ ተነሽ ብትባልም አልተነሳችም። ደስታ ጉልበት እንደሚያሳጣ ያወቅሁት ያን ቀን መሰለኝ።

ዛሬ ያንን ሣጥን ሳስበው የሚታየኝ የእጇ ጣቶች ናቸው። ክዳኑን ግራና ቀኝ አጥብቃ ይዛው ነበር፣ ሊወስዱበት የመጡትን ዕቃ እንደሚይዝ ሰው።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ጓዳ ገብቼ የሞላሰሱን በርሜል በጣቴ እጠርጋለሁ። እናቴና አቶ ታልማጅ ወጥ ቤት ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ለኔ ጆሮ ጥሪ ነው።

«ሮያል ከመጣ በኋላ የሚወጣ ሕግ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች እናቴ።

«ከመምጣቱ በፊት ነው የሚወጣው፣ ወይዘሮ ፔል። በመጨረሻው ዓርብ፣ ጉባኤው ሳይበተን ይጸድቃል። ከዚያ በኋላ ቤቱም ዕቃውም ከሮያል እጅ ውጭ ነው።»

«ባይጸድቅስ?»

«ባይጸድቅ ሌላ ሁለት ዓመት እንጠብቃለን።»

በቃ፣ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? ሰውየው የአባቴን ቤት ከአባቴ እጅ ሊያወጣ ነው። እናቴንም አግባብቷታል። አባቴ ፈረሴን እየጎተተ ሲመጣ፣ በሩ ላይ መነጽሩን በጫማ ክር ያሰረ ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰውየው የሚቀመጥባት ከምድጃው አጠገብ ያለችው ወንበር የአባቴ እንደነበረች ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ወንበሯን የሠራት የእናቴ አባት እንደሆነ፣ አባቴ የተቀመጠባት ቀን በጣት እንደሚቆጠር ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ። የጉባኤው መጨረሻ ዓርብ ቀትር ነው ተብሎ በውሳኔ ተጽፏል፤ የአዳራሹ ሰዓት ቀትርን ሲደውል አፈ ጉባኤው መዶሻውን ይመታል፣ ያልጸደቀ ሁሉ ይሞታል። እኔ እንደ ሁልጊዜው የሰባቱን ሰዎች ምሳ በቅርጫት ይዤ ሄድኩ። ለራሴም ሞላሰስ የተቀባ ቂጣ ይዣለሁ። ቦታዬ በሩ አጠገብ፣ ከበረኛው ከአባባ ፊኒያስ በርጩማ ኋላ ነበር። አባባ ፊኒያስ አንድ እጁን ሜክሲኮ ጦርነት ላይ ትቶ የመጣ፣ በቀረችው እጁ ምድጃውንም በሩንም ሰዓቱንም የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ሰዓቱ ከሱ ራስ በላይ ከፍ ብሎ፣ ከአፈ ጉባኤው ፊት ለፊት ተሰቅሏል፤ ረጅም የእንጨት ሣጥን፣ የመስታወት በር፣ በውስጡ ወዲያ ወዲህ የሚል የነሐስ ፔንዱለም።

አዳራሹ እርጥብ ሱፍና የሚታኘክ ትምባሆ ይሸታል። ሁሉም ይናገራል፣ ማንም አይሰማም። ትልቁ ቆጣሪ ከትንሹ ላይ ሊወጣ አራት ደቂቃ ሲቀረው አባባ ፊኒያስ ከበርጩማው ተነሳ፤ የመስታወቱን በር ከፈተ፣ ፔንዱለሙን በሁለት ጣቱ ይዞ አቆመው፣ በሩን መልሶ ዘጋ። ከዚያ ዓይኑን ጠቀስ አደረገልኝና፣ «ይቺ ሰዓት በየሁለት ዓመቱ አንዴ ትደክማታለች፣ ልጄ» አለኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሰማንያ ሰው አለ። ሰማንያውም አይቷል። አንድም ሰው አልተናገረም፤ አፈ ጉባኤው የቆመውን ሰዓት ቀና ብሎ አይቶ፣ «ገና አራት ደቂቃ አለን» አለና ቀጣዩን ረቂቅ ጠራ።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ፀሐይን ያቆመው ኢያሱ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም አስቀድሞ ጌታን ጠይቆ እንደሆነ አስተምራናለች። እዚህ ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም።

አሁን አውቀዋለሁ። የቆየ ልማድ ነው። የመጨረሻው ቀን ሥራ መቼም በጊዜ አልቆ አያውቅም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ይቆማል፣ ሁሉም ያላየ ይመስላል፣ የሁሉም ረቂቅ ተራውን ያገኛል። ያን ቀን ሰዓቱ ከቆመ በኋላ አሥራ አንድ ረቂቅ ቀርቧል። ሰባተኛው የአቶ ክራቨንስ የመንገድ ረቂቅ ነበር። እውነተኛው ቀትር ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል፤ አቶ ክራቨንስ ግን ስለ ሰዓቱ ትንፍሽ አላሉም፤ መንገዳቸው ሲጸድቅ ከረሜላ ወረወሩልኝ።

የመጨረሻው የአቶ ታልማጅ ረቂቅ ነበር።

ስም ጥሪው በፊደል ተራ ተጀመረ። እያንዳንዱ ሰው ስሙ ሲጠራ ተነስቶ እቀበላለሁ ወይም አልቀበልም ይላል። አቶ ታልማጅ ቆመው፣ እርሳስ ይዘው ወረቀት ላይ ጭረት ያደርጋሉ። ጭረቶቹን ደጋግመው ይቆጥሩ ነበር። እኔም አየሁት፣ ሌባ እንዲህ ነው የሚቆጥረው አልኩ። አባባ ፊኒያስ ለምድጃው እንጨት ሊያመጣ ወጣ። በርጩማው ባዶ ሆነ።

አሰብኩበት ብል ውሸት ነው። ቂጣዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ፣ በርጩማው ላይ ወጣሁ፣ መስታወቱን ገፋ አድርጌ ከፈትኩና ፔንዱለሙን በመዳፌ መታ አደረግሁት። ሄደ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። በሩን ዘጋሁና ወርጄ ቅርጫቴን አቀፍኩ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ድምፁን የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አራት ደቂቃ ሙሉ ከልቤ ጋር እኩል ይመታ ነበር።

ከዚያ ሰዓቱ ደወለ።

አንድ ጊዜ ሲደውል አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁለት ጊዜ ሲደውል ጸሐፊው ስም መጥራቱን አቆመ። አሥራ ሁለት ጊዜ እስኪሞላ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አቶ ክራቨንስ ከመቀመጫቸው ተነሱ፣ ሆዳቸውን አስተካከሉ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ቀትር ሆኗል» አሉ።

መዶሻው ወረደ። ረቂቁ ሠላሳ ዘጠኝ ድምፅ አግኝቶ ነበር፤ የሚፈልገው አርባ አንድ ነው። ያልተጠሩት ሦስት ስሞች ናቸው፣ ታልማጅ፣ አንደርሂል፣ ዊክስ። ኋለኞቹ ሁለቱ እቀበላለሁ ሊሉ ቃል ገብተው ነበር። የመጀመሪያው ራሳቸው ናቸው።

ሰዎች ወደ ሰዓቱ መጡ። አባባ ፊኒያስ እንጨቱን ታቅፎ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አቶ ታልማጅ ግን ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። እኔን አዩኝ፣ ከዚያ መስታወቱን አዩት። መሐረባቸውን አወጡና ትንፋሻቸውን እፍ ብለውበት መስታወቱን ከታች እስከ ላይ በጥንቃቄ ጠረጉት። ይህን ያህል ነገር ደርሶባቸው ጽዳት የሚያስቡ ሰው ናቸው ብዬ ገረመኝ።

«ነፋስ ነው» አሉ ወደ ሰዎቹ ሳይዞሩ። «በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው ያንቀሳቀሰው። ሽማግሌውን ተዉት።»

«ነፋሱም የኔ ወገን ነው እንዴ?» አሉ አቶ ክራቨንስ፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ወደ ቤት የተመለስኩት እየዘለልኩ ነው። የአባቴን ቤት አድኛለሁ።

አባቴ በረዶው ሲቀልጥ መጣ። ፈረስ አልነበረም፤ የተዋሰው በቅሎ ነበር። ግን ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ፣ ከተማውን እንደገና ከላይ አሳየኝ። ዘጠኝ ቀን እንደ ንግሥት ከረምኩ። በአሥረኛው ቀን አራት ሰዎች ጋሪ ይዘው መጡና አልጋዎቹን ከፎቅ ማውረድ ጀመሩ። ከዚያ ገበታውን፣ ወንበሮቹን፣ ሰሃኖቹን። በመጨረሻ ምድጃውን አራት ሆነው አነሱት። ገና ትኩስ ነበር፣ በጆንያ ይዘውት ነው። እናቴ ፎጣ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«ዳቦው ውስጡ ነው» አለች። «ዳቦዬን ላውጣ።»

ሰዎቹ ምድጃውን መሬት ላይ አስቀመጡላት። ጭቃው ላይ ተንበርክካ አራት ዳቦ አወጣች፣ በፎጣው ጠቀለለች፣ «አሁን ውሰዱት» አለቻቸው። አባቴ አጠገቧ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ምን ላድርግ ሉሲንዳ፣ ዕዳ አለብኝ፤ ሕጉም ዕቃው የኔ ነው ይላል» አላት፣ ሕጉ ላይ ያዘነ ይመስል።

ሕጉን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። ቤቱን እሷ ካልፈረመች ጨርሶ መሸጥ አይችልም ነበር፤ ዕድሜ ልኩን የመጠቀም መብቱን ግን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል፣ አስተላለፈም። አልጋው፣ ምድጃውና ሰሃኑ ግን ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ከእግር እስከ ራሱ የሱ ነበር። እሷ በላቧ የገዛችው ሁሉ ጭምር።

ያኔ ግን የማውቀው ምድጃችን በጋሪ እየሄደ መሆኑን ብቻ ነው። መንገዱን ሮጬ ተሻገርኩና አቶ ታልማጅን ወረቀት ጻፉ አልኳቸው፤ ወረቀት ጽፈው ሰዎቹን ያስቁሙልኝ። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«የሚያስቆም ወረቀት የለኝም፣ ዶርካስ። ገና የለኝም» አሉ።

አባቴ ከሳምንት በኋላ በቅሎውን ይዞ ወደ ምዕራብ ተመለሰ። እኔና እናቴ ከአቶ ታልማጅ ቢሮ ኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች ገባን። ከተማው አፉን አሞጠሞጠብን፤ እናቴ ግን ደረቷን ነፍታ ለሰው ልብስ ትሰፋለች፣ እኔ ደግሞ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበር ሰነድ እገለብጣለሁ። ያስጀመሩኝ በኪራይ ውል ነው። ቀጥሎ ክስ፣ ቀጥሎ ይግባኝ። ያልገባኝን ስጠይቃቸው መልስ አይሰጡኝም፤ ገጽ ይነግሩኛል። ስለዚህ ተማርኩ፤ ያስተማረኝ የለም ብዬ የምኮራውም ለዚህ ነው፣ እሳቸው ግን ይህን ስል ሲሰሙ ይስላሉ።

በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ አዲሱ ጉባኤ ሊከፈት ሲል፣ የምገለብጠው አዲስ ወረቀት ሰጡኝ። ጀመርኩ። ያገባች ሴት ከአባቷ የወረሰችው፣ በስጦታ ያገኘችው፣ በድካሟ ያፈራችው ሁሉ የራሷ ይሁን፤ ባሏ ያለ ፊርማዋ አይሽጠው፣ አያከራየው፣ ስለ ዕዳውም አይያዝበት። ሦስተኛው አንቀጽ ዕቃ ይዘረዝራል፤ አልጋ፣ ገበታ፣ የወጥ ቤት ምድጃ።

ብዕሬ ቆመ። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ።

«ያኔም ይኸው ነበር?» አልኳቸው።

«ቃል በቃል» አሉ።

እጄን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። ጠረጴዛው ሥር ደበቅሁት። «ሰዓቷን ያስነሳኋት እኔ ነኝ፣ አቶ ታልማጅ። ነፋስ አልነበረም።»

ከመጽሐፋቸው ቀና አላሉም። «አውቃለሁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጣቷ ሞላሰስ የነካ አንድ ሰው ብቻ ነበረች» አሉ። «ቀጥዪ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንድ ሐረግ ዘለሻል።»

መሐረቡ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አለቀስኩ። ማልቀሴን እስክጨርስ ገጽ እየገለበጡ ጠበቁኝ። ለምን ለማንም አልተናገሩም፣ ለምን ለእናቴ እንኳ አልነገሩም አልኳቸው።

«ክራቨንስ ቢያውቅ ኖሮ፣» አሉ፣ «የሴትየዋ የገዛ ልጅ እንኳ ይህን ሕግ አልፈለገችውም እያለ አሥር ዓመት ይሳለቅበት ነበር። ለእናትሽ ደግሞ አንቺው ትነግሪያታለሽ። ያ የኔ ሥራ አይደለም።»

ነገርኳት። መርፌዋን እንደያዘች ሰማችኝ። «ያን ቀን ሳይቃጠሉ ያወጣኋቸውን ዳቦዎች አንቺ ነሽ የበላሻቸው» አለችና ክሯን ጎትታ በጠሰችው።

ያን ዓመት ረቂቁ በስድስት ድምፅ ወደቀ። ሰዓቱም አላዳነው፣ እኔም አልገደልኩት፤ በቀጥታ ወደቀ። አቶ ታልማጅ ያን ዕለት ከሰዓት ቢሮ ገቡና፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ «አዲስ ወረቀት አምጪ» አሉኝ። ከርዕሱ ጀምሮ እንደገና ጻፍኩት።

በሦስተኛው ጉባኤ ዓርብን አልጠበቁም። የወረዳችን ሰው ሁሉ ከሳቸው የሚፈልገው የወንዙን ድልድይ ነበር፤ ለዚያ ነው የመረጧቸው። እሳቸው ግን ለድልድዩ የተሰበሰበላቸውን ድምፅ ይዘው ወደ ሰሜን ሰዎች ሄዱና፣ ድልድዩን እናንተ ውሰዱት፣ ረቂቄን ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛ አድርጉልኝ አሉ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ያው በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ስም ጥሪው ሲያልቅ አርባ አራት ነበር። ሰዓቱ እየሄደ ነበር። ትልቁ ቆጣሪ ወደ ቀትር ለመድረስ ገና ሙሉ ዙር ይቀረው ነበር። አቶ ክራቨንስ እንኳ ድምፃቸውን ሰጡ፤ ድልድዩ የተሠራው እሳቸው ወረዳ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ሳልሸሽግ ልናገር። ሕጉ ወደ ኋላ አይሄድም፤ የእናቴን ቤት አልመለሰላትም። ምድጃውም አልተመለሰም። በቀጣዩ ምርጫ ወረዳችን አቶ ታልማጅን በጀልባ ወንዙን እየተሻገረ ሄዶ በድምፅ ጣላቸው፤ ድልድይ የሌለው በማን ጥፋት እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ምክር ቤት አልገቡም። ግን በዚያው ዓመት እናቴ የዳቦ ቤት ውል ፈረመች። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከስሟ ሥር የማንም ስም የለም።

አሁን ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ባለፈው መከር ሦስት ዳኞች ፊት ቀርቤ ለጥብቅና ተፈተንኩ። ከጠዋት እስከ ምሳ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ሸምገል ያለው ዳኛ ባለፈው ዓመት ጠበቃ ካደረገው ልጁ የተሻለ እንደማውቅ በሰው ፊት ተናገረ፤ ከዚያ ሕጉ ለሴት አይፈቅድም አለና ወረቀቴን መለሰልኝ። አላለቀስኩም። ወደ ቢሮ ተመልሼ አዲስ ወረቀት አወጣሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም ሰው ሴት በመሆኗ ብቻ ከጥብቅና አትከልከል። አዲሱ የወረዳችን ተወካይ ሊያቀርበው ቃል ገብቷል። ቃል ማለት ምን እንደሆነ ስለማውቅ አስፈርሜዋለሁ።

ዛሬ ጉባኤው ይከፈታል። ጠዋት አቶ ታልማጅ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ መነጽሩ ግን አሁንም በጫማ ክር አንገታቸው ላይ ነው። ረቂቄን አነበብኩላቸው። አስደገሙኝ። የሚያርሙት ፈልገው ሲያጡ ከፋቸው።

«ተራሽ ስንተኛ ነው?» አሉኝ።

«አንደኛ።»

«ባይጸድቅስ?»

«ባይጸድቅ ሁለት ዓመት» አልኳቸው። «ከዚያም ሁለት ዓመት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምሳ ያዢ። በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጪ፣ ማንም ቢያስነሳሽ እንዳትነሺ። ሞላሰስ ግን አይሁን።»

ወጥ ቤት ገብቼ ሁለት ቁራሽ ቂጣ ቆረጥኩ። ሁለቱንም ሞላሰስ አድርጌ ቀባኋቸው፣ ዳር እስከ ዳር፣ እስኪንጠባጠብ። የዛሬውን አሻራዬን ማንም እንዲጠርግልኝ አልፈልግም።